ባቲ ደስታ ነው ወይስ ናፍቆት?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የአሰብን መንገድ በመያዝ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርድ ሰው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ባቲን ያገኛል። የደረሰው ሰኞ ቀን ከሆነ ከከተማዋ በፊት የሚያገኘው ገበያዋን ነው። ከአፋር ቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የመጣው፣ ከወሎ ደጋ እህሉን በአህያ ጭኖ የወረደው፣ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይውላል። ዋጋ በአፋርኛ ይጠራል፣ በኦሮምኛ ይከራከሩበታል፣ በአማርኛ ይቆረጣል። አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ነው። ሲመሽ ሁሉም ወደየመጣበት ይመለሳል። ይህ የሰኞ ገበያ በአገራችን ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው።

ባቲን አይቶ ለማያውቀው የከተማ ሰው ግን ባቲ ማለት ገበያ አይደለም። ባቲ ማለት ዘፈን ነው። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ለኔ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። አንደኛው ከተራራ፣ ሁለተኛው ከገበያ ከተማ። የአምባሰልን ስም ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ የወሎ ድምፆች በየቤቱ አስገብተውታል። የባቲም ስም እንዲሁ ከግመል ቅፍለት ይልቅ በክራር ክር ላይ ተጭኖ ነው አገር ያዳረሰው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ባቲ ምን ዓይነት ስሜት ነው? አንዱን ክራር ደርዳሪ ብትጠይቁት «ባቲ የፍቅር ነው፣ ደስ የሚል ነው» ይላችኋል። ሌላው «ባቲ እኮ ሆድ ያባባል» ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይመልስ ክራሩን አንስቶ ይቃኝና መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ በጭብጨባ አስፈጥኖ ይጫወትላችኋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ልክ ነበሩ ትላላችሁ። ታዲያ ስሜቱ ያለው የት ነው? በፍጥነቱ ነው? በድምፁ ከፍታ ነው? ወይስ በራሱ በቅኝቱ ውስጥ?

የኦርፌዎስ ክራር

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓውያንም በአንዲት የኦፔራ ዜማ ምክንያት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ነገሩን እዚያ ሄደን ብናየው ወደ ባቲ ስንመለስ መንገዱ ይቀናልናል።

ኦርፌዎስ በጥንት ግሪኮች ተረት ውስጥ ባለ ሊራ ነው። ሊራ ደግሞ የእኛ ክራር የቅርብ ዘመድ ነች፤ ሁለቱም ከአንድ የመሣሪያ ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ደርዳሪ ሚስት ዩሪዲስ ትሞትበታለች። እሱም ክራሩን ይዞ ወደ ሙታን አገር ይወርዳል፤ በዜማው የሙታኑን ጠባቂዎች ያራራና ሚስቱን ያስፈታል። እንዲህ የሚል ትእዛዝ ግን ይሰጠዋል፦ ከዚያ አገር እስኪወጡ ድረስ ዞሮ እንዳያያት። ሰው ነውና ዞሮ ያያታል፤ ሁለተኛም ትሞታለች። ይህን ታሪክ ክሪስቶፍ ቪሊባልድ ግሉክ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ኦፔራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1762 ቪየና ውስጥ ለመድረክ አበቃው። ኦርፌዎስ ሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ ካጣ በኋላ የሚያዜማት እንጉርጉሮ በኦፔራ ዓለም ከታወቁት ዜማዎች አንዷ ናት።

አስገራሚው ነገር ይህች የሐዘን ዜማ የተጻፈችው በዶ ሜጀር መሆኑ ነው። በአውሮፓውያን ልማድ ሜጀር የደስታ፣ ማይነር የሐዘን ነው ይባላል። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1787 «ዶን ጆቫኒ» የተባለውን ኦፔራ ሲጽፍ የሞትን ጥላ ለማሳየት የመክፈቻውን ሙዚቃ በሬ ማይነር ጀመረው። ግሉክ ግን ሚስቱ እጁ ላይ የሞተችበትን ሰው በሜጀር አስለቀሰው። ኤድዋርድ ሃንስሊክ የሚባለው የቪየና ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ ይህችኑ ዜማ ምሳሌ አድርጎ አነሳት። «አጣኋት» የሚለውን ቃል «አገኘኋት» በሚለው ብንለውጠው ዜማው እንዲያውም የበለጠ ይስማማል ሲል ተከራከረ። ስለዚህ ሙዚቃ በራሱ ሐዘንም ደስታም አይናገርም፤ የሚናገረው ቃሉ ነው ለማለት ነው።

ግሉክ ራሱ ነገሩን ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ለሌላ ኦፔራው በጻፈው መግቢያ ላይ ይህችን ዜማ አንስቶ፣ በአዘፋፈኗ ላይ ጥቂት ነገር ቢለወጥ የአሻንጉሊት ጭፈራ ትሆናለች ብሏል። ደራሲው እንግዲህ ስሜቱን ኖታው ላይ ጽፎ እንዳልጨረሰው ያምናል። የቀረውን የሚሞላው ዘፋኙ ነው፤ ዋናው መሙያም ፍጥነት ነው።

ሸክላ ከመጣ ወዲህ ይህን በጆሮ መመስከር ተችሏል። እንግሊዛዊቷ ካትሊን ፌሪየር እ.ኤ.አ. በ1946 ይህችን ዜማ በራሷ ቋንቋ ዘፍና ስታስቀርጽ ቀስ አድርጋ፣ በወፍራም ድምፅዋ እየጎተተች ነው። ያን ሸክላ የሰማ ሰው ሜጀር የደስታ ነው ብሎ አይከራከርም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በግሉክ ዘመን መሣሪያዎች የሚጫወቱ ጓዶች ፈጠን አድርገው ሲያቀርቧት ሐዘንተኛው ቆሞ ከሚያለቅስ ይልቅ ደንግጦ የሚሮጥ ይመስላል። ዜማው አንድ ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ሆኗል።

የድምፁ ከፍታስ? ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1774 ኦፔራውን ለፓሪስ ሲያዘጋጅ የኦርፌዎስን ክፍል ለሌላ ዓይነት ድምፅ መስጠት ነበረበት። ስለዚህ ከዶ ተነስታ የነበረችውን ዜማ ከፋ እንድትነሳ አደረጋት። እንጉርጉሮዋ ያችው እንጉርጉሮ ናት። ከፍ ብላ መነሳቷ ማንነቷን አልለወጠውም።

ቁም፣ ዝማሜ፣ ጽፋት

ፍጥነት ስሜትን እንደሚለውጥ ለማወቅ ለእኛ ሰው ቪየና መሄድ አያሻውም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱን ዜማ በቁም ያደርሱታል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘሙታል፤ ከዚያ ከበሮው ይገባና በመረግድ፣ በመጨረሻም በጽፋት ይፈጥናል። የተጀመረው በእርጋታና በተመስጦ ነው፤ የሚያልቀው በጭብጨባና በእልልታ ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ዜማውም ከሥሩ ያው ነው። በወሎ የመንዙማ ሐድራም መሪው ብቻውን በለሆሳስ የጀመረውን ተቀባዩ እየተቀበለ፣ ድቤው እየተጨመረ፣ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ያው ዜማ ይግላል። ባቲ የእነዚህ የሁለቱም ጎረቤት ናት። የባቲ ዘፋኝ ቀስ ብሎ ጀምሮ በጭብጨባ ሲጨርስ ከአድማጩ ጆሮ እንግዳ ነገር አልጠየቀም።

ከፍታም እንዲሁ ነው። የክራር ደርዳሪ ከየትኛው ድምፅ መነሳት አለብኝ ብሎ የሚጠይቀው ማንም የለም። ጉሮሮውን ይሞክራል፤ ክሩን ለጉሮሮው ያጠብቃል ወይም ያላላል። ዛሬ ጉንፋን ይዞት ከሆነ ዝቅ ያደርገዋል። ፈረንጆች እንኳ በዚህ ጉዳይ የተስማሙት በቅርቡ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 የመቃኛዋን «ላ» በሰከንድ 435 ንዝረት ብላ በሕግ ወሰነች። በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ 440 አሉ። ከዚያ በፊት የአንዱ ከተማ ዶ ከሌላው ከተማ ዶ ጋር አይገጥምም ነበር።

ሸክላውና የደከመው ባትሪ

የእኛ ዘፈን መጀመሪያ በሸክላ የታተመው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሙያ እንዲማር ጀርመን አገር በላኩት ጊዜ ነው። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት፣ ከአራት ደቂቃ በላይ አይዝም። እንደ አድማጩ ሁኔታ እያስረዘመ፣ እያሳጠረ፣ እያፈጠነ የኖረ አዝማሪ በዚያች ጊዜ ውስጥ መጨረስ ነበረበት። በዚያ ላይ የሸክላ ማዞሪያው ፍጥነት ገና አንድ ወጥ አልነበረም። የአንዱ ፋብሪካ ሸክላ በሌላው ማጫወቻ ላይ ሲዞር ዘፋኙ ወይ ይቀጥናል ወይ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ1902 ሚላኖ ላይ የተቀረጸውን የካሩሶን የኦፔራ ዜማ ትክክለኛ ከፍታ ለማወቅ ዛሬም ድረስ አዋቂዎች ማጫወቻቸውን እየለኩ የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በካሴት ዘመን ያደግን ሰዎች ይህን በቤታችን አይተነዋል። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኟ ቀስ በቀስ ወንድ ትሆን ነበር። ባትሪውን አውጥተን በጥርሳችን ነክሰን ወይም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንመልሰዋለን። ቴፑ ከፍጥነቱ ከመቶ ስድስት እጅ ሲቀንስ ዘፈኑ ግማሽ እርምጃ፣ ማለትም በፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ያህል ዝቅ ይላል። ፍጥነቱና ከፍታው አብረው ይወርዳሉ፤ ስሜቱም ይከብዳል። ይሁን እንጂ በደከመ ባትሪ የሚዘፈነውን ባቲ ሰምቶ «ይህ ትዝታ ነው» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ባቲ ወደ ታች ወርዶም፣ ዘግይቶም ባቲ ነው። ምን ቀረለት ማለት ነው? የሚቀጥለውን ነገር ለመረዳት እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አምስቱ ድምፆችና ቤታቸው

ፒያኖ ወይም ኪቦርድ የሚያገኝ አንባቢ ራሱ ይሞክረው። ነጫጮቹን ብቻ ይዞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ከዚያም ላይኛው ዶ ይበል። ሙዚቀኞች ባቲ ሜጀር የሚሉት ይህ ነው። ከዶ እስከ ሚ አራት ግማሽ እርምጃ፣ ከሚ እስከ ፋ አንድ፣ ከፋ እስከ ሶል ሁለት፣ ከሶል እስከ ሲ እንደገና አራት፣ ከሲ እስከ ዶ አንድ። ሁለት ሰፋፊ ዝላይ፣ ሁለት ጠባብ እርምጃ፣ በመካከላቸው አንድ መጠነኛ። አራተኛዋን ድምፅ፣ ማለትም ፋን፣ ግማሽ እርምጃ ከፍ አድርገው የሚቃኙም አሉ።

ይህን ከትዝታ ጋር እናስተያየው። የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዚህ ውስጥ አንድም የግማሽ እርምጃ ጥበት የለም። ድምፆቹ ተራርቀው፣ እርስ በርስ ሳይገፋፉ ተቀምጠዋል። ባቲ ግን ሰፊ ዝላይ ዘሎ ጠባቡ ላይ ይቆማል። በተለይ ሲ ከላይኛው ዶ በታች በግማሽ እርምጃ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ጆሮ ወደ ዶ እንድትገባ ይጎትታታል። ዘፋኙ እዚያ ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ሲያቆያት አድማጩ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ቶሎ ካስገባት ደስታ ነው፤ ካዘገያት ናፍቆት ነው። በእኔ እምነት «ባቲ ደስ ይላል» ባዩና «ባቲ ሆድ ያባባል» ባዩ የሚለያዩት እዚህች ጠባብ በር ላይ ነው።

የበለጠ የሚገርመው ባቲ ማይነር የሚባለው ነው። አሁንም በነጫጮቹ ላይ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እንበል። እነዚህን አምስት ድምፆች ቀደም ብለን አግኝተናቸዋል፤ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። አንድም አልተጨመረ፣ አንድም አልተቀነሰ። ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዜማው ዶ ላይ ቤት ሲመታ ትዝታ ነው፤ ላ ላይ ቤት ሲመታ ባቲ ነው። ግጥማችን ስንኙ የሚያርፍበትን «ቤት» ይለዋል። በዜማም ያው ነው። ሁሉም ድምፅ ዞሮ የሚገባበት ቤት ሲለወጥ ሰፈሩ በሙሉ ሌላ ሰፈር ይሆናል።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባቲን ባቲ የሚያደርገው ከፍታው አይደለም፤ ፍጥነቱም አይደለም። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀትና የማረፊያው ቤት ነው። ስሜቱን ግን ቅኝቱ ብቻውን አይሰጥም። ቅኝቱ መንገዱን ይሰጣል፤ መንገዱን በሩጫ ወይም በዝግታ የሚሄደው ዘፋኙ ነው። ሃንስሊክ ቃሉ ነው ያለውን እኛ ቃሉም፣ ፍጥነቱም፣ ያ የሚዘገይበት ቦታም ነው እንላለን። አማርኛችንም ይህን ያውቃል። መቃኘት ክር ማጥበቅና ማላላት ብቻ አይደለም፤ አገርን ዞሮ ማየት፣ መንገዱን አስቀድሞ መሰለልም መቃኘት ነው።

ኪቦርዱ ያስረሳን

ይህን ሁሉ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የነሐስ ባንዶችና ፒያኖ ወደ አገራችን ሲገቡ የተወሰነ ከፍታ ይዘው ገቡ። በ1916 ዓ.ም. የመጡት አርባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም በብሔራዊ ቴአትር የሠራው ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ከዚህ የመሣሪያ ሥርዓት ጋር ለማስማማት ደክመዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደና ከእሱ በኋላ የመጡት ምሁራን ቅኝቶቹን በኖታ አስፍረው ለትምህርት አብቅተዋል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። እነሱ ባይጽፉት ኖሮ ከላይ ያልኩትን በዶና በሚ ማስረዳት ባልቻልኩም ነበር።

ነገር ግን የተጻፈው ከተጫወቱት እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የፒያኖ ድምፆች እኩል የተከፋፈሉ ናቸው። በፒያኖ ላይ ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት ከተፈጥሯዊው ርቀት ሰፋ ያለ ነው፤ ግማሽ እርምጃን መቶ ብንከፍለው በ14 ያህል ይበልጣል። ትንሽ ነው፤ ጆሮ ግን ያውቀዋል። ክራር ደርዳሪ ይህን ልክ የመከተል ግዴታ የለበትም፤ ክሩን ጆሮው እስኪወደው ያዞራል። ዋሽንት ነፊም ለየቅኝቱ የተበሳ ሌላ ሌላ ዋሽንት በኮሮጆው ይዞ ይዞራል። ዛሬ በየሠርጉ የሚሰማው ኪቦርድ ግን አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ቅኝቱን፣ ሌላ ሲጫኑት ምቱን ይሰጣል። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ አይልም። ሲ በዶ በር ላይ የምትዘገይበት ጊዜ የለም፤ ማሽኑ አይጠብቅማ! ቅኝቱ አለ፤ ከዘፋኙ እጅ የወጣው ያ መዘግየት ነው።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ፤ ከተማዋ ናት። በባቲ ቅኝት ከሚዜሙት ዘፈኖች ብዙዎቹ የባቲን ስም ይጠራሉ፤ የባቲን ቆንጆ ያወድሳሉ። ባቲ ግን በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ መቀመጫው ከሚሴ በሆነው ዞን ውስጥ ያለች፣ በየቀኑ ኦሮምኛ የሚነገርባት፣ የአፋር ዘፈን በገበያ ቀን የሚሰማባት ከተማ ናት። ስሟን የያዘው ቅኝት በአማርኛ ነው አገር የዞረው። ይህ ወቀሳ አይደለም። ስምን ለዜማ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛም ያየውን እንጂ የሆነውን ሁሉ አይዘፍንም። በ1977 ዓ.ም. ባቲ በረሃብ የተጎዳው ወገናችን ከተጠለለባቸው ታላላቅ የእርዳታ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። የውጭው ዓለም ስሟን የሰማው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ወቅት በከተሞች ቡና ቤት ውስጥ «ባቲ» ተብሎ ይዘፈን፣ ይጨፈርም ነበር። አንድ ስም፣ ሁለት ስሜት። ልክ እንደ ኦርፌዎስ ዜማ፣ «አገኘኋት»ም «አጣኋት»ም የሚባልበት።

ስለዚህ ባቲ ደስታ ነው ወይስ ናፍቆት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ከእንግዲህ ሁለቱን አላስመርጠውም። ኪቦርዱን ዘግቶ፣ አንድ ክራር ደርዳሪ ፊት ተቀምጦ፣ ሲ የተባለችው ድምፅ በዶ ደጅ ላይ ምን ያህል ቆማ እንደምትቆይ ይስማ። ከተቻለው ደግሞ ሰኞ ጧት ባቲ ይገኝ። ገበያው ሲበተን፣ አፋሩ ወደ ቆላ፣ ደገኛው ወደ ደጋ፣ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሲያቀና ይይ። ቅኝቱን በጆሮው ይዞ የሚሄድ ሰው ከተማዋን በዓይኑ ይዞ ይመለሳል።